ጅብና ከተማ፦ የአዳኝ አራዊት ቁጥጥር ሥነ ምግባር በጉለሌ

የአዳኝ አራዊት ቁጥጥር የሚባለው ሥጋ በል የዱር እንስሳት በሰውና በከብት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ለመቀነስ ቁጥራቸውን በአደን፣ በወጥመድና በመርዝ፣ ወይም መጠለያቸውንና ምግባቸውን በማሳጣት መገደብ ሲሆን፣ የሥነ ምግባር ጥያቄው መግደል የሚፈቀደው መቼ ነው፣ የሚወስነው ማን ነው፣ ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው የሚል ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክርክሩ ይበልጡን የሚነሣው በተኩላ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል በጉለሌ ግን የሚነሣው በጅብ ላይ ነው።

ጉለሌ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ከተማው መሃል የሚወርድ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ወንዞቹ የቦረቦሯቸው ገደላ ገደሎች፣ የባሕር ዛፉ ደን፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው 705 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ለጅብ የቀን መሸሸጊያ ይሆናሉ። ቀለቡ ግን ያለው ከመንደሩ ነው፤ ሌሊት የሚያወርደውም የሥጋ ቤት ትራፊ፣ የቆሻሻ ገንዳና በወንዝ ዳር የተጣለ የአህያ ወይም የውሻ ጥንብ ነው። በመሆኑም የከተማ ጅብ ብዛት በእጅጉ የሚወሰነው ነዋሪው በሚጥለው ነገር ነው፤ ተጠያቂነቱም ከአውሬው ይልቅ ወደ ሰው ያጋድላል።

ይህን ትስስር በቁጥር ያሳዩት በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ናቸው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በዐቢይ ጾም የሥጋ ትራፊ ሲጠፋ በጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ የተገኘው የአህያ ጠጉር ድርሻ ከ14.8 ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በመቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል ጥንብ እንደሚያስወግዱና በዚህም የአባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ስርጭት እንደሚቀንሱ ገምቷል።

ጥቅሙ ለከተማው ሁሉ ሲዳረስ ጉዳቱ ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። በግንብ አጥር ውስጥ የሚያድር ሰው ጅብን የሚያውቀው በጩኸቱ ብቻ ነው፤ አደጋው የሚያንዣብበው በረንዳ አዳሪዎች፣ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች፣ ጎሕ ሳይቀድ ለኪዳን የሚሄዱ ምእመናንና ኑሮው በአንዲት አህያ ላይ የቆመ ቤተሰብ ላይ ነው። እነዚህን ሰዎች ሳያስብ ለጅብ ጥብቅና የሚቆም ክርክር ፍትሕ ይጎድለዋል።

መግደል በበኩሉ የራሱ ሸክም አለው። ጅብ በሴቶች የበላይነት በሚመራ መንጋ የሚኖር እንስሳ ሲሆን፣ እናት ግልገሎቿን ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባለች፤ ሌላዋ እናት ብዙውን ጊዜ የእርሷ ያልሆነውን አታጠባም። የሴቷ ብልት ከወንዱ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል በሌሊት የሚተኩስ ሰው ወንድና ሴቷን ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል፤ የምታጠባ እናት ከወደቀችም ግልገሎቿ በጉድጓድ ውስጥ በረኃብ ያልቃሉ። ምግቡ እስካለ ድረስም በሞቱት ቦታ ሌሎች ይመጣሉ። ቁጥር ተወስኖ ሲፈቀድ እንኳ ልጓሙ በቀላሉ እንደሚበጠስ የአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት አሳይታለች፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ለባለፈቃድ አዳኞች 119 ተኩላ ተመድቦ ሳለ በሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ 218 ተገድለዋል። ከሁሉ የከፋው መርዝ ነው። አዲስ አበባ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመቀነስ ስትሪክኒን የተባለውን፣ እንስሳውን በከባድ መንዘፍዘፍ የሚገድለውን መርዝ ስትጠቀም ኖራለች፤ የተመረዘ ሥጋ ደግሞ ለማን እንደተዘጋጀ አይለይምና ጥንብ አንሣንም ጅብንም ይገድላል።

በጉለሌ የጅብ ጥላቻ ሰውንም ሲጎዳ ኖሯል። በቀጨኔ በሸክላ ሥራና በመሰል ሙያ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ለብዙ ዘመን «ቡዳ» እየተባሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው ከጋብቻና ከማኅበራዊ ኑሮ ተገልለዋል። አውሬውን በወሬ መኮነንና ጎረቤትን በወሬ መኮነን እዚህ ከአንድ ምንጭ ስለተቀዱ፣ አንድን ጅብ ለማስወገድ የሚሰጥ ውሳኔ በተጣራና በተመዘገበ ጉዳት ላይ እንጂ በፍርሃት ላይ ሊቆም አይገባም።

የቀይ ቀበሮ ጉዳይ ከጅብ ይለያል። በባሌ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በጥቂት ሌሎች ደጋዎች ብቻ የሚገኘው ይህ እንስሳ አዋቂዎቹ ከ500 በታች ስለሆኑ ጥበቃው በብርቅነቱ ይደገፋል፤ በባሌ መንጋዎቹን ደጋግሞ የፈጀው ደግሞ ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጅብ ግን ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ ስላልሆነ ጥበቃው ከብርቅነት ሊመነጭ አይችልም፤ የሚመነጨው ሥቃይ የሚሰማው ፍጡር በመሆኑና ከሚሰጠው አገልግሎት ነው። ለሁለቱም የሚበጀው ውሻን መመረዝ ሳይሆን መከተብ ነው፤ ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው፣ ለረጅም ዘመን የዚህን በሽታ ክትባት ሲያዘጋጅ የኖረው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ተቋም የሚገኘውም በዚሁ በጉለሌ ነው።

አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የዘርፉ ኃላፊነትም በአዋጅ ቁጥር 575/2000 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ይሁን እንጂ የጅብን ቁጥር ይበልጥ የሚወስነው ጥንብ የሚያነሣው፣ የሥጋ ቤት ትራፊን የሚቆጣጠረው፣ መንገድ የሚያበራውና ለበረንዳ አዳሪ መጠለያ የሚሰጠው የከተማ አስተዳደር ነው። ሰው ማጥቃቱ የተረጋገጠበትን ጅብ ማስወገድ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ የሞተች አህያ በወንዝ ዳር ተጥላ እየከረመች መንጋውን በጅምላ መፍጀት ግን በሥነ ምግባር ሚዛን ተቀባይነት የለውም።