የእናቴ ሐረግ

ቶጎ ውጫሌ የምትመላለሱ ሁሉ ይህ ይገጥማችኋል። ስለ ዕቃው ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሶማሌው ነጋዴ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ይጠይቃል፤ የራሱንም አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ያለ እረፍት ይቆጥራል። ቆጠራውን አብቲርሲ ይሉታል። «አብ» አባት፣ «ቲርሲ» መቁጠር ነው፤ የሚቆጠሩትም አባቶች ናቸው። እኔ ሦስት ስም ጠርቼ ዝም ስል ደንበኛዬ ሳቀ። «እናንተ አትቆጥሩም እንዴ?»

እንቆጥር ነበር። የኛ ቃል ግን የመጣው ከተክል ነው። ከግእዝ የወረስነው ሐረግ፣ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣው ተክል ነው፤ ገጠር ያደገ ሰው አጥር ሲታሰርበት ያውቀዋል። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለው የተጠላለፈ ጌጥም ሐረግ ይባላል። የዘር ሐረግም እንደዚያው ነው፤ በአባትም በእናትም በኩል ይጠመጠማል።

ነገሩ የወሬ ማሳመሪያ አልነበረም። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሰሜን ሸዋ ርስት የሚጠየቀው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድን በመቁጠር ነበር። በእናቱ ወይም በሴት አያቱ በኩል የቆጠረም ይጠይቃል። ሴትም ርስት ነበራት (በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ወንድ መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው)። ሐረግ በቃላቸው የያዙ አዛውንቶች በመሬት ሙግት ይመሰክሩ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ቆጠራውም ሥራ ፈታ።

የተረፈን የጋብቻው ነው፣ እስከ ሰባት ቤት። ዘንድሮ ለልጄ ሽማግሌ ተላከ። ልጁ የእናቴ አገር ሰው ነው። ቁጠሩ ስንባል አጎቴ በአባቴ በኩል ሰባቱንም ጠራ። በእናቴ በኩል ግን ከምንጅላት በላይ የሚያውቅ ጠፋ። ፓስፖርቴን አየሁት፤ የኔ ስም፣ የአባቴ፣ የአያቴ። እናቴ የለችበትም። የሰው ዱቤ በሳንቲም የምመዘግብ ሴት የእናቴን እናቶች አንድም ቀን አልጻፍኳቸውም።

ለእናቴ አክስት ደወልኩ። ዘጠና አልፏቸዋል፣ ጆሯቸው ከብዷል። ስድስት ስም ነገሩኝ፣ ሦስቱ የሴት ነው። በደረሰኝ ጥራዝ ጀርባ ጻፍኳቸው። ሰባተኛው ላይ ቆሙ። «እንዳልሳሳት ላስብበት ልጄ፣ እሑድ ደውይልኝ» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹን ለሰኞ ቀጥሬያቸዋለሁ።