ከግምጃ ቤት ቁልፍ እስከ አውቶሞቢል ሪሞት

የሰው ልጅ ንብረት ማኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሁለት ነገሮች ሲያሳስቡት ኖረዋል። አንደኛው ንብረቱን የሚዘጋበት መቀርቀሪያ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መክፈቻውን በአደራ የሚሰጠው የታመነ ሰው ነው። እኛም ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን በተመካከርን ጊዜ፥ ከመካከላችን አንዱ በቤተ ዘመዱ የደረሰውን ነገር ቢነግረን የቁልፍን ታሪክ ለመመርመር ተነሣሣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓደኛችን አጎት አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ገዙ። ሻጩ አንድ ቁልፍ ከነሪሞቱ አስረክቦ፥ «ሁለተኛው ቤት ቀርቷል፤ እልክልዎታለሁ» አላቸው፤ ሳይልክም ቀረ። ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ የመኪናዋ በር ተከፍቶ፥ በውስጧ ያደረው የጤፍ ጆንያ ጠፍቶ ተገኘ። መስተዋት አልተሰበረም፤ በርም አልተፈለቀቀም። ስለዚህ ጥርጣሬው ሁሉ ቁልፉን እየተቀበለ መኪናዋን በሚያጥበው ልጅ ላይ ወደቀ። ልጁ ቢምል ቢገዘትም የሚያምነው አላገኘም።

ቁልፍና አደራ ለወረኢሉ እንግዳ ነገሮች አይደሉም። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወረኢሉን የጦር ሰፈር አድርገዋት ነበር። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የክተት አዋጅ በታወጀ ጊዜም በጥቅምት ወር ከዘማቹ መሰብሰቢያዎች አንዷ ይህችው ከተማችን ሆነች። ያ ሠራዊት የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ድል እንዳደረገ ሁላችንም እናውቃለን።

ብዙ ሠራዊት በሚሰፍርበት ቦታ ሁሉ ሁለት ዓይነት ጥበቃ ያስፈልጋል። ስንቁና ጥይቱ በግምጃ ቤት ተዘግቶ ቁልፉ ለታመነ ሹም በአደራ ይሰጣል። የሌሊት ዘብ ግን ወዳጅን ከጠላት በጨለማ የሚለየው በይለፍ ቃል ነው። ይህም ቃል በየሌሊቱ ካልተለወጠ፥ አንድ ጊዜ አድብቶ የሰማ ጠላት በማግሥቱ ይገባበታል። አንባቢ ይህችን ነገር ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስባታለንና።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው ከዓድዋ ድል በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፥ መንገድ በሌለበት በረሃና ዳገት አልፎ፥ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሰ። በግጥማቸው የታወቁት ተሰማ እሸቴም በዚያው ዘመን የአውቶሞቢልን ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ነበር።

በዚያ ጊዜ የነበሩት አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ ክፍት ነበሩ፤ ሞተራቸውም የሚነሣው ከፊት ለፊት በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር አወጣ። በ1949 ደግሞ ክራይስለር ቁልፍን በማዞር ብቻ ሞተር የሚያስነሣ መኪና ለገበያ አቀረበ። በ1982 በፈረንሳይ አገር ሬኖ ፉዌጎ የተባለችው መኪና በሩቅ ሆኖ በሯን የሚከፍት ሪሞት ይዛ ብቅ አለች። የዚህችኛዪቱ ሪሞት የሚሠራው ዓይን በማያየው ብርሃን ነበር፤ በኋላ ግን የራዲዮ ሞገድ ተተካ።

በራዲዮ የሚሠሩት የፊተኞቹ ሪሞቶች አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባቸው። ሁልጊዜ የሚናገሩት አንዱን ምስጢር ቁጥር ስለ ነበረ፥ በአቅራቢያ መቅጃ ይዞ የቆመ ሌባ ቁጥሩን ቀድቶ መኪናውን ይከፍት ነበር። መድኃኒቱም ያው የጥንቱ የዘብ ጥበብ ሆነ፤ የይለፍ ቃሉን መለዋወጥ። ለዚህ ከተፈለሰፉት ዘዴዎች አንዱ፥ ኪሎክ የሚባለው፥ በ1980ዎቹ የተሠራው በአህጉራችን በደቡብ አፍሪካ መሆኑ ደስ ያሰኛል። በዚህ ዘዴ ሪሞቱ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር አዲስ ቃል ይናገራል፤ መኪናዪቱም ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አስቀድማ ስለምታውቅ ትከፍታለች፤ ያለፈውን ቃል ግን ዳግመኛ አትቀበልም።

ይሁን እንጂ መኪናዪቱ የምትሰማው አስቀድሞ የተመዘገበላትን ሪሞት ብቻ ነው። ምዝገባውም በብዙ የቶዮታ ዓይነቶች ያለ ልዩ መሣሪያ ይፈጸማል። ፋብሪካው በወሰነው ተራና ቁጥር ቁልፉን በመክተትና በመንቀል፥ በሩንም በመክፈትና በመዝጋት መኪናዪቱ እንድትዘጋጅ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ አዲሱን ሪሞት በቀድሞዎቹ ላይ መጨመር፥ ወይም የቀድሞዎቹን ሁሉ ሰርዞ አዲሱን ብቻ ማስገባት፥ ወይም ስንት ሪሞቶች እንደ ተመዘገቡ መቁጠር ይቻላል። በቆጠራው ጊዜ የበሩ መቆለፊያ ኳ ኳ እያለ በተመዘገቡት ልክ ይመልሳል።

ወደ ጓደኛችን ነገር እንመለስ። አጎቱ መኪናዋን በካቤ በኩል ደሴ ወስደው ለአንድ ባለሙያ አሳዩ። ባለሙያውም ቆጠራውን ባደረገ ጊዜ መቆለፊያው ሦስት ጊዜ ኳ አለ። በአጎቱ እጅ ያለው ግን አንድ ብቻ ነበር! ሁለቱ በማን እጅ እንዳሉ የሚያውቅ የለም፤ በስማ በለው ማንንም መክሰስ አይገባም። ነገር ግን ልጁ ብቻውን ሊጠረጠር እንደማይገባ ግልጽ ሆነ። አጎቱ ተመልሰው ልጁን በአባቱ ፊት ይቅርታ ጠየቁት፤ ሥራውንም መለሱለት። የጤፉ ነገር ግን እንደ ጠፋ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር እንጨምር። የሪሞቱ ምዝገባ ቢሰረዝ በሩ በሪሞት መከፈቱ ይቀራል እንጂ የቀድሞው ብረት ቁልፍ መሥራቱን አይተውም። በብዙ የቅርብ ጊዜ መኪናዎች ቁልፍ ውስጥ ደግሞ ባትሪ የማያስፈልጋት ትንሽ ቺፕ አለች፤ መኪናዪቱ እርሷን ካላወቀች ሞተሩ ሊሠራ አይፈቀድለትም። እርሷን ለመሰረዝና ለመመዝገብ ብዙውን ጊዜ የባለሙያ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የሪሞቱንም የቺፑንም ምዝገባ አንድ ላይ ያሳድስ።

ይህ ጉዳይ ወደ ፊት ብዙዎችን የሚነካ ይመስለናል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና በሚያስገቡት ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ ቀድሞ የገቡት ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸው አይቀርም። በየእጁም ቁልፍ ይቀራል።

አባቶቻችን ቁልፍን ለሹም ሲሰጡ አብረው አደራ ይሰጡ ነበር። ሹሙም ሲሻር ቁልፉን ቆጥሮ ያስረክባል። የዛሬውም ሻጭ እንዲሁ ያድርግ፤ ገዢውም ቆጥሮ ይረከብ። እኛ ተማሪዎችም ከዚህ ታሪክ ይህን ተምረናል፤ ሰውን ከመጠርጠር በፊት ቁልፉን መቁጠር ይገባል።