«ከየመን መጣ»፦ የጋኦ ነገሥታት ትውፊትና የሶንጋይ ቋንቋ ምስክርነት

አስ-ሰዓዲ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቲምቡክቱ ላይ በጻፈው «ታሪኽ አስ-ሱዳን» የሶንጋይ የመጀመሪያው ንጉሥ ዛ አል-አየመን ይባል እንደ ነበር ይተርካል። ስሙም «ጃአ ሚን አል-የመን»፣ ማለትም «ከየመን መጣ» ከሚለው የዓረብኛ ሐረግ የወጣ፣ በሰው አፍ ሲመላለስ የተለወጠ መሆኑን ያስረዳል። ማብራሪያው ለቋንቋ አጥኚ ጆሮ ይጎረብጣል። ሐረጉ ተሸርሽሮ ስም ሆነ ከማለት ይልቅ፣ ለነበረ ስም ኋላ ፍቺ ተፈለገለት ማለት ይቀላል። በአፍሪካ ቀንድ ቋንቋዎች ላይ ለምንሠራ ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮ-ሴማዊ ቋንቋዎችን አመጣጥ ከየመን በተሻገረ ሕዝብ ብቻ የመተንተን ልማድ እኛንም ለረጅም ጊዜ ይዞን ቆይቷል።

ከዜና መዋዕሉ የቀደሙ ምስክሮች አሉ። አል-ያዕቁቢ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካውካውን፣ ማለትም ጋኦን፣ ከሱዳን መንግሥታት ሁሉ ታላቋ ይላታል። በጋኦ-ሳኔ ከተገኙት የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሥታት የመቃብር ድንጋዮች አንዳንዶቹ በእስፓኝ በአልሜሪያ ተቀርጸው ሰሐራን ያቋረጡ እብነ በረዶች ናቸው። የተቀረጹት ስሞች ግን ከዛ ነገሥታት ዝርዝር ጋር በቀላሉ አይገጥሙም። ፓውሎ ደ ሞራይስ ፋሪያስ በ2003 ባሳተሙት ሥራ የቲምቡክቱ ጸሐፍት ያለፈውን ለዘመናቸው ፖለቲካ እንዲስማማ አድርገው እንዳቀናበሩት አሳይተዋል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ቋንቋው ራሱ ምን ይላል? ግሪንበርግ በ1963 ሶንጋይን ከናይሎ-ሰሐራዊ ቤተሰብ መደበው፤ ኒኮላይ ደግሞ የቱዋሬግና የማንዴ ንክኪ ውጤት አድርገው አዩት። ክርክሩ አልተዘጋም። የዋና ዋናዎቹ ዘዬዎች መቀራረብ ግን ቋንቋው በወንዙ ዳርቻ የተስፋፋው በቅርብ ዘመን መሆኑን ይጠቁማል። በምሥራቅ ማሊ የሚነገረው ታዳክሳሃክ አብዛኛውን የቃላት ሀብቱን ከቱዋሬግ ወስዶ፣ ተውላጠ ስሞቹንና የጊዜ አመልካቾቹን ግን ከሶንጋይ ይዟል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ኮራንጄ ነው፦ ከጋኦ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአልጄሪያ በታበልባላ የበረሃ ገነት ይነገራል። የሶንጋይ ቁጥሮቹ ከአንድ እስከ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከአራት ጀምሮ በዓረብኛ ይቆጠራል። ሰሐራን ወደ ሰሜን የተሻገሩትን እነዚህን ተናጋሪዎች ያሳወቀን የንጉሥ ዝርዝር አይደለም፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው አቆጣጠራቸው ነው።