ስለ ማሳወቂያ ፈቃድ አጠያየቅ ታሪክ

የእጅ ስልክ ማሳወቂያ ለመላክ ፈቃድ ሲጠይቀን ነገሩ አዲስ ይመስለናል። ሥሩ ግን ስልኩ ከመፈጠሩ በፊት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄው በምን ቃል እንደ ቀረበና፥ ይልቁንም፥ የሰው ዝምታ ምን ተብሎ እንደ ተተረጐመ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በ1971 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተዘጋጀው የ«ዩኒክስ» ሥርዓት የመጀመሪያ መመሪያ «ሜስግ» የሚባል ትእዛዝ ነበረው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር ይሠሩ ስለ ነበር፥ አንዱ የላከው መልእክት በሌላው የጽሕፈት መኪና ላይ በድንገት ይታተም ነበር። በትእዛዙ ላይ «ኤን» የሚለውን ፊደል የጨመረ ሰው ሌሎች በመኪናው እንዳይጽፉበት ይከለክላል፤ «ዋይ» ቢጨምር ፈቃዱ ይመለሳል። ፊደል ሳይጨምር የቀረ እንደ ሆነ ግን ፈቃዱ ይገለበጥ ነበር፤ ይኸውም የተዘጋው ይከፈታል፥ የተከፈተውም ይዘጋል። ያለበትን ሁኔታ ለማወቅ ብቻ የፈለገ ሰው ሳያስበው ይለውጠው ነበር ማለት ነው። በ1979 በወጣው በሰባተኛው እትም ይህ ቀርቶ፥ ባዶው ትእዛዝ ሁኔታውን መናገር ብቻ ሆነ። መጠየቅና ማዘዝ የተለዩት በዚህ ነውና፥ እኛ ይህን ትንሽ ለውጥ ከፍ አድርገን እናየዋለን።

የእጅ ስልክ በመጣ ጊዜ መልእክት ላኪው የሥራ ባልደረባ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ነጋዴም ሆነ። አፕል በ2009 ለአይፎን ይህን አገልግሎት ሲከፍት እያንዳንዱ ፕሮግራም አስቀድሞ እንዲጠይቅ አደረገ። መልሶቹ «አትፍቀድ» እና «እሺ» የሚል ትርጉም ነበራቸው። «እሺ» ሰው ለመገላገልም የሚለው ቃል ስለ ሆነ፥ በኋላ በ«ፍቀድ» መተካቱ ተገቢ ነበር። አንድሮይድ ግን ይህን ጥያቄ ያመጣው በ2022 በ13ኛው እትም ነው፤ እስከዚያ ዝምታ እንደ እሺታ ይቈጠር ነበር።

መጠየቅ ብቻውንም አልበቃም። ሞዚላ በ2019 በፋየርፎክስ ላይ ባደረገው ጥናት ከመቶ 99 ያህሉ ጥያቄ ሳይፈቀድ ቀርቷል። ስለዚህ ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ተጠቃሚው ገጹን ሳይነካ ጥያቄው ብቅ እንዳይል ተደረገ።

በአማርኛ በተዘጋጁ ስልኮች ቃሉ «ፍቀድ» ተብሎ ይገኛል። ይህ ተጠቃሚው ለመሣሪያው የሚሰጠው ትእዛዝ ነው፤ ሲነበብ ግን መሣሪያው ተጠቃሚውን፥ ያውም ወንዱን ብቻ፥ የሚያዝ ይመስላል። «እፈቅዳለሁ» ቢባል ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ለሴቷም ለወንዱም ይስማማል።