ያልታወቁት ሁለቱ

በእኛ በቋንቋና በታሪክ ተማሪዎች ዘንድ «ኤክስና ዋይ» ሲነሣ ፊቱን የማያጨፈግግ ጥቂት ነው። ማትሪክ አልፈን ተገላገልን ያልነው ጉድ ነበራ! የፊደሎቹን ታሪክ ስናገላብጥ ግን የሸሸነው ሂሳቡን ሳይሆን ምክንያቱ ያልተነገረንን ሂሳብ መሆኑ ገባን።

ከባቢሎን እንጀምር። ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ የሚገኝ፣ 3600 ዓመት ያለፈው የሸክላ ጽሑፍ እንዲህ ሲል ይጠይቃል፦ ሁለት ማሳዎች አሉ፤ ስፋታቸው ባንድነት 1800 ሳር ነው። (ሳር የመሬት ልክ ነው እንጂ የከብት መኖ አይደለም።) ከአንደኛው በየሳሩ የሲላ ሁለት ሦስተኛ፣ ከሁለተኛው ግማሽ ሲላ እህል ይሰበሰባል። ሲላ አንድ ሊትር ያህል የሚይዝ መስፈሪያ ነው። የአንደኛው እህል ከሁለተኛው በ500 ሲላ ይበልጣል። የየማሳው ስፋት ስንት ነው?

ጸሐፊው ኤክስ የለው፣ ዋይ የለው። ማሳዎቹን እኩል አደረጋቸው፤ 900 እና 900። እህሉ 600 እና 450 ሆነ፤ ብልጫው 150 ብቻ። 350 ጎደለው። እንግዲህ አንድ ሳር ከሁለተኛው ተቆርሶ ለአንደኛው ቢሰጥ በዚያ ሁለት ሦስተኛ ይጨመራል፣ በዚህ ግማሽ ይቀነሳል፤ ብልጫው በአንድ ሲላና በሲላ አንድ ስድስተኛ ያድጋል። 350 ለዚህ ሲካፈል 300 ይሆናል። መልሱም 1200 እና 600 ነው።

እዚያው አገር፣ ባግዳድ ላይ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አል ኸዋሪዝሚ መጽሐፉን ሲጽፍ ያልታወቀውን «ነገር» እያለ በቃል ነበር የሚጠራው። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ መጽሐፍ አርእስት ነው። ፈረንሳዊው ቪየት በ1591 እ.ኤ.አ. ያልታወቀውን በአናባቢ፣ የታወቀውን በተነባቢ ጻፈ። ኤክስንና ዋይን ያስለመደን ደካርት ነው፤ በ1637 እ.ኤ.አ.።

ታዲያ ዛሬ ያ ሁሉ ሐተታ ሁለት መስመር ነው፦ ኤክስ ሲደመር ዋይ 1800፤ የኤክስ ሁለት ሦስተኛ ሲቀነስ የዋይ ግማሽ 500። ፊደሉ ትልቅ ነገር ሰጥቶናል፤ ዘዴው ለማሳም፣ ለገበያም፣ ለመንገድም ይሠራል። ግን ኤክስ ማሳ መሆኑን ረስተን ፊደል ብቻ ስናጣፋ ኖርን። ባቢሎናዊው ተማሪ አንዲት ሳር ስትዛወር እህሉ ምን እንደሚሆን ያውቅ ነበር፤ እኛ «ወዲያ ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል» ብለን ሸመደድን።

እኩልታ ማቋቋም ከዐረፍተ ነገር ወደ ፊደል መተርጎም ነው። መተርጎም ደግሞ የእኛ ሙያ አይደለም እንዴ?