ክረምት እንዴት የእንግዳ ወቅት ሆነ? የሳንክት ሞሪትዝና የዳቮስ ታሪክ



በአገራችን ክረምት ሲባል ትዝ የሚለን ዝናብና ጭቃ ነው። ዛሬ የማነሣው ግን በታኅሣሥና በጥር የሚበረታውን የአውሮጳን የበረዶ ክረምት ነው።

በስዊዘርላንድ ተራሮች የምትገኘው ሳንክት ሞሪትዝ ቀድሞ እንግዳ የምትቀበለው በሞቃቱ ወራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ባለ ሆቴሉ ዮሐንስ ባድሩት እንግሊዛውያን እንግዶቹን በክረምት ቢመለሱ እንደማይቆጩ ተወራርዶ አሳመናቸው ይባላል። ትረካው ያምራል፤ እኔ ግን አንድን ዘመን በአንድ ሰው ውርርድ መፍታት ይከብደኛል። በ1865 የካቲት ወር በዳቮስ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ደረቁን የተራራ አየር ፍለጋ መግባት ጀምረው ነበርና። የክረምቱን ወቅት ተድላ ብቻ ሳይሆን ሕመምም ወልዶታል።

ባቡር በ1890 ዳቮስ፣ በ1904 ሳንክት ሞሪትዝ ሲደርስ መንገዱ ቀለለ። እንግዳውን ለማቆየት ደግሞ ውድድር አስፈለገ፤ ከ1907 ጀምሮ ሳንክት ሞሪትዝ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ፈረስ ታስሮጣለች። የክረምት ኦሊምፒክንም በ1928 እና በ1948 አስተናግዳለች።

ይሁን እንጂ በ1928 ድንገት ሙቀት ገብቶ በረዶው ስለ ቀለጠ የ10,000 ሜትር የበረዶ ሸርተቴ ሩጫ ተሰረዘ። ወቅቱን ሰው አደራጀው እንጂ አልፈጠረውም። በአንድ ወቅት እንግዳ የሚኖር ከተማ እንግዳው የቀረ ዕለት ምን እንደሚገጥመው እኛም በላሊበላ አይተናል። ታሪኩን ያነሣሁት ስለዚህ ነው።