የተቋረጠና የተቆረጠ

ሰው እንደ አንድ የሚጠቀምባቸው፣ ነገር ግን አንድ ያልሆኑ ሁለት አነጋገሮች አሉ፤ «በተከታታይ» እና «ያለማቋረጥ»። የሐምሌ ዝናብ ሦስት ቀን በተከታታይ ዘነበ ስንል፣ ሌሊቱን አባርቶ ሊሆን ይችላል። ተከታይ ከፊተኛው ኋላ የሚመጣ ነውና በመካከላቸው ክፍተት ቢኖር ቃሉ አይቃወምም። ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ ካልን ግን ለአፍታም ፋታ አልሰጠም ማለታችን ነው።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ ልዩነትም አለ። «ተቆረጠ» እና «ተቋረጠ» የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ወደ ግንዱ አይመለስም። የተቋረጠ ትምህርት ግን ሊቀጥል ይችላል፤ ባይቀጥል እንኳ የመቀጠል ተስፋ በቃሉ ውስጥ አድሮ ይኖራል።

ይህን ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ ያስተማረኝ የሰፈሬ የኮልፌ ታሪክ ነው።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ኮልፌ መጡ። የሠለጠኑት በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነበር። ተኩስ ተለማመዱ፤ ስለ ፈንጂና ስለ ሞርታር ተማሩ፤ ረጅም የእግር ጉዞ አደረጉ። ከሰዓት በኋላ ስለ ውጊያ ትምህርት ይሰጧቸው ከነበሩት አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው፤ የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት በማክሸፍ ረገድ ስማቸው የሚነሣው መኮንን።

ሥልጠናው ስድስት ወር እንዲፈጅ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ገና በሳምንታት ውስጥ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ማንዴላን ወደ አገራቸው ጠራ። ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት አስታጥቀው ሸኟቸው። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ማንዴላ በደቡብ አፍሪካ፣ በሃዊክ ከተማ አቅራቢያ ተያዙ። ከእስር የወጡት የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ ከ27 ዓመት ተኩል በኋላ።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወጋ ከኮልፌ የሥልጠና ሜዳ እስከ ግንቦት 2 ቀን 1986ቱ የፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ይስባል። እኔም በልጅነቴ እንዲሁ አስብ ነበር። ሲያስቡት ደስ ያሰኛል፤ ሰፈርንም ያኮራል። ዳሩ ግን መሥመሩ ያልተቋረጠ አይደለም። ሥልጠናው ተቋርጧል፤ የሰውየውም ነፃ ሕይወት ተቋርጧል። ተከታታይ ነው ብንል ያስኬዳል፤ ያልተቋረጠ ነው ስንል ግን 27ቱን ዓመታት በአንድ ቃል እንሠርዛለን።

ከዚህም የሚከብደው የመምህሩ ነገር ነው። ታደሰ ብሩ በኋላ ጄኔራል ሆኑ፤ በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም ግንባር ቀደም ሰው ሆኑ። በ1959 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። እነሆ፣ በአንድ ዘመን መምህርም ተማሪም በየአገራቸው እስረኞች ሆኑ። አብዮቱ ሲመጣ ጄኔራሉ ነፃ ወጡ፤ የተቋረጠው ሕይወታቸውም የሚቀጥል መሰለ። መጋቢት 1967 ዓ.ም. ግን ደርግ ገደላቸው። ማንዴላ ያን ጊዜ ገና በሮበን ደሴት ታስረው ነበር።

እንግዲህ የተማሪው ታሪክ ተቋርጦ ቀጠለ፤ የመምህሩ ግን ተቆረጠ። በአንድ ሰፈር የተገናኙ ሁለት ሰዎች እነዚህን ሁለት ቃላት ተካፈሏቸው።

ስለ አገራችንም ስንናገር «ያልተቋረጠ ታሪክ» የሚለው ሐረግ ከአፋችን አይጠፋም። አነጋገሩን በጥላቻ አላየውም፤ የሚያኮራ ነገር እንዳለውም አልክድም። ግን በሰማሁት ቁጥር ልቤ ወደ ክፍተቱ ይሄዳል፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ማን ነበር? ብዬ እጠይቃለሁ። በኮልፌ ስለ ማንዴላ ሲወራ የጄኔራሉን ስም አብሬ የማነሣው ስለዚህ ነው። የተቆረጠውን መልሶ መቀጠል አይቻለንም፤ የተቆረጠበትን ቦታ ማሳየት ግን ይቻለናል።